አባ ዳማ ብለው ሲጠሩኝ

ቦሌ ቡልቡላ፣ ታኅሣሥ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለሐሚዳ፤

እንደምን ከርመሻል? የሐይቅ ብርድ እንዴት ይዞሻል? እኛ ደህና ነን። አልጣሽን ጉልበቷ ያማታል፣ እኔን ደግሞ አልጣሽ ታመኛለች፤ ከዚህ በቀር ክፉ ነገር የለም። ሰዲቅ አይሱዙውን በራችን ላይ አቁሞ የላክሽውን የማሽላ ዱቄት አውርዶልናል። «አክስቴ ተጨንቃለች፣ ቶሎ ይጻፉላት» እያለ ስላዋከበኝ ይኸው ብዕር አነሳሁ።

በስልክ ብንነጋገር ምን ነበረበት ብለሻል አሉ። ጆሮዬን ታውቂው የለም እንዴ! ስንት ዓመት ሙሉ አውሮፕላን ጣሪያዬን እየታከከ ሲያልፍ የከረመ ጆሮ ነው። ባለፈው ስትደውዪ ግማሹን እኔ አልሰማሁ፣ ግማሹን አንቺ ጮኸሽ ደከመሽ። ደብዳቤ ይሻላል። አንቺም በመሃል አታቋርጪኝም።

ፈረስሽ ዳማ ፈለገኝ ወይ ላልሽው፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ፈልጎሻል። መጀመሪያ ሰሞን የጋሪ ድምፅ በሰማ ቁጥር ጆሮውን አቁሞ ወደ በሩ ይዞር ነበር። አሁን ግን ከአንዲት ግራጫ ባዝራ ጋር ተወዳጅቶ ከአጠገቧ አይጠፋም። ፉርሽካውን እሷ እስክትበላ ቆሞ ይጠብቃታል፤ እኔ እንኳ ለአልጣሽ ያላደረግኩትን። ሳልሰናበተው ሄድኩ ብለሽ አትሸማቀቂ። ባልሽን ቀብረሽ፣ ቤት ለቀሽ፣ ዕቃሽን በአይሱዙ ጭነሽ አገርሽ የገባሽ ሴት ነሽ። ፈረስ ደግሞ ቂም አያውቅም።

ትናንት ሌላ እንግዳ መጥቶልናል። የኋላ እግሩ ያበጠ አሮጌ ፈረስ ነው። ባለቤቱ ቀለበት መንገዱ አካፋይ ላይ ለቆት ሄዷል። ስንት ዓመት ጋሪ ጎትቶ ያበላቸውን፣ ሲያረጅ ጅብ ይጨርሰው ብለው አስፋልት ላይ ይጥሉታል! በዚህ ሥራ ስንት ጊዜ በሰው አፍሬያለሁ መሰለሽ። ከእርሻችን የተረፈችኝን ይህቺን የወንዝ ዳር ቁራሽ መሬት ለፈረስ መጠጊያ ያደረግኳት በዚያ ንዴት ነው። በሬን ለሚያንኳኳ ሁሉ የምሰጠውን ቃል ለባልሽ ለኢሳም ነፍሱን ይማረውና ታሞ በተኛበት ሰጥቼዋለሁ፤ «ይህን በር ካለፈ ጀርባው ላይ ምንም አይወጣም፣ ሲሞትም ጅብ አይበላውም»። ሌላ ሀብት የለኝም፤ ያቺ ቃል ናት።

አንድ ነገር ልጨምርልሽና ልተው። የሰፈሩ ወጣቶች መጥተው ነበር። ዘንድሮ በጥምቀት ሽማግሌዎች በፈረስ ሆነው ታቦቱን ያጅባሉ፣ እርስዎም ይኖሩበታል አሉኝ። አንዱ «የፈረስ ስምዎ ማን ነው?» አለኝ። በእኛ ወገን ወንድ ልጅ በፈረሱ ስም እንደሚጠራ ታውቂያለሽ። አያቴ አባ ጉራቻ ነበሩ፣ አባቴ አባ ቦራ። እኔ ምን ልበለው? ግቢዬ ፈረስ ሞልቶ የራሴ የምለው አንድ የለም፤ ሁሉም የሰው አደራ ነው። አፍሬ ወደ ፈረሶቹ ገባሁ።

ወንድምሽ ሞሲሳ


ሐይቅ፣ ታኅሣሥ 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሽ ሞሲሳ፤

እንዴት ከረሙ? እትዬ አልጣሽስ? ለጉልበታቸው ሰናፍጭ በቅቤ ለውሰው ይሹት ይበሉልኝ። ደብዳቤዎን የጎረቤቴ ልጅ አነበበችልኝ፣ ከዚያ ራሴ ደግሜ አነበብኩት። ግራጫዋን ባዝራ ሰላም ይበሉልኝ። ሳቅ ከራቀኝ ቆይቶ ነበር፣ አላህ ያክብርልኝ።

ዳማ ኮርቻ ያውቃል ወይ ብለው በሰዲቅ ማስጠየቅዎ ግን ገረመኝ። አያውቅም። ከውርንጭላነቱ ጀምሮ የሚያውቀው ጋሪ ነው፣ ጀርባው ላይ ሰው ወጥቶበት አያውቅም። የግራ ዓይኑ መጋረዱንም አይርሱ። ኢሳ ሁልጊዜ በግራው በኩል እየሄደ ያወራው ነበር። የቤት ኪራይ ጨመሩብን፣ ሽንኩርት ተወደደ፣ ሐሚዳ ተቆጣችኝ፣ ምን የማይነግረው ነገር አለ! ድምፅ ከሰማ እሳት ውስጥም ይገባል። ድምፅ ከሌለ ግን በዚያ በኩል የመጣበት ሁሉ ጅብ ይመስለዋል። ሲመግቡት የሚቀርበው ሁሉ እያናገረው ይቅረብ።

የአባቶችዎን የፈረስ ስም ስላነሱ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ገርጂ አደባባይ ላይ ባለጋሪዎቹ ኢሳን አባ ዳማ ነበር የሚሉት። ለቀልድ ብለው ጀመሩት፣ እሱ ግን ደረቱን ነፍቶ ይቀበላቸው ነበር። አንድ ቀን ራት ላይ «ሐሚዳ፣ የድሃ ሰው ማዕረግ ነው» አለኝ። ከእሱ የቀሩኝ ያ ስምና ያ ፈረስ ናቸው።

ለምን እንደጠየቁኝ ይጻፉልኝ።

ሐሚዳ


ቦሌ ቡልቡላ፣ ጥር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለሐሚዳ፤

ሰላምታዬ ይድረስሽ። መልስ ሳልጽፍ በመቆየቴ ይቅርታ። ስልክሽንም አለማንሳቴ የጆሮዬ ነገር ሆኖ ነው፣ ሌላ አይምሰልሽ።

በዓሉ እንዴት ነበር ብለሽ በሰዲቅ ላስጠየቅሽው፣ ደመቅ ብሎ አልፏል። ሕዝቡ ብዙ ነበር።

እዚህ ፀሐዩ በርትቷል። የወንዙ ውሃ ቀንሷል። ድርቆሽ ከሰንዳፋ በኩል እያስመጣን ነው። የኮንዶሚኒየሙ ሰዎች ደግሞ የፈረስ ሽታ አስቸገረን ብለው ከሰውናል፣ እኔም የእናንተ ሽንት ቤት ወደ ወንዙ ሲለቀቅ እኛ ምን አልን ብያቸዋለሁ። ልጄ ቢሊሴ ሥራ ተቀይሮላታል፤ አሁንም እዚያው አውሮፕላን ማረፊያው ካርጎ ውስጥ ነው፣ ግን በቀን ነው። አልጣሽ ሰናፍጩን ሞክራዋለች፣ ተሽሏታል፣ አመስግንልኝ ብላለች።

ለምን ጠየቁ ላልሽው፣ እንዲያው ለማወቅ ያህል ነው።

ፈረሶቹ ደህና ናቸው።

ሞሲሳ


ሐይቅ፣ የካቲት 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሽ ሞሲሳ፤

ደብዳቤዎ ደረሰኝ። በቅሎን «አባትሽ ማን ነው?» ቢሏት «እናቴ ፈረስ ናት» አለች አሉ። እኔ ስለ ዳማ ጠየቅኩዎት፣ እርስዎ ስለ ኮንዶሚኒየም ሽንት ቤት ነገሩኝ።

እኔ ነገር አካባጅ አይደለሁም። ግን ሰዲቅ ከእናንተ ዘንድ ሲመለስ ያቀረብኩለትን ምግብ ሳይጨርስ ተነሳ። ሰዲቅ ምግብ አይተውም፣ ያውቁታል። ዳማ እንዴት ነው ስለው አንገቱን ደፋና «ራሳቸውን ጠይቂያቸው» አለኝ። ምን ማለት ነው? ታሟል? ታሞ ከሆነ ይንገሩኝ፣ አላለቅስብዎትም። እንስሳ ይታመማል።

ፎቶ ይላኩልኝ። በግራ በኩል ይሁን፤ ያንን የተጋረደ ዓይኑን ልየው። ኢሳ በዚያ በኩል ስለሚሄድ እኔ በሕልሜ የማየው በዚያ ጎኑ ነው።

ሐሚዳ


ቦሌ ቡልቡላ፣ የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሐሚዳ፤

እንደምን አለሽ? ፎቶው በዚህ ፖስታ ውስጥ አለ። በግራ በኩል ነው፣ እንዳልሽው። ቢሊሴ ገርጂ አሳጥባ አመጣችው።

ትንሽ ጉንፋን ቢጤ ይዞት ነበር፣ ሰዲቅ ያየው እሱን ይሆናል። ልጅ ስለሆነ ደንግጦ ነው። አሁን ተሽሎታል።

መንገዱ ሁሉ ተቆፋፍሯል፣ ወደዚህ ለመምጣት አትቸኩዪ። ሲመቸኝ በሰፊው እጽፋለሁ።

ሞሲሳ


ሐይቅ፣ የካቲት 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሽ ሞሲሳ፤

ፎቶው ላይ ዳማ አደይ አበባ መሃል ቆሟል። በየካቲት።

ሐሚዳ


ቦሌ ቡልቡላ፣ የካቲት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሐሚዳ፤

ዳማ የለም። ሞቷል። የገደልኩት እኔ ነኝ።

ይህን ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ ከጥምቀት ጀምሮ ስታገል ነበር፤ አሁን ሳየው አጭር ነው። ካፈርኩ አይመልሰኝ ይባል የለ? መጀመሪያ ዝም አልኩ፣ ዝምታውን ለመሸፈን ዋሸሁ፣ ውሸቱን ለመሸፈን መስከረም ላይ የተነሳ ፎቶ ከልጄ ስልክ ላይ አስወጣሁ። ቢሊሴ ፎቶውን ስትሰጠኝ ፊቴን አላየችም። በሽማግሌ አባቷ ማፈሯ ነበር፣ እኔም አውቄዋለሁ።

ኮርቻ ያውቃል ወይ ብዬ ያስጠየቅኩሽ ሐሳቤ ከተጣመመ በኋላ ነው። መልስሽም በጊዜው ደርሶኛል። አያውቅም ብለሽ ጽፈሻል። ዓይኑንም ጽፈሻል። የኢሳን ስምም ጽፈሻል። ሁሉንም አንብቤ አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። ሳላውቅ ነው እንዳልልሽ አንቺው በሩን ዘግተሽብኛል፣ ደግ አደረግሽ።

የበዓሉ ዕለት ጠዋት ከአባቴ የቀረውን ኮርቻ ጫንኩበት። ጣሪያ ሥር ተሰቅሎ የኖረ ቀይ ግላስ፣ የፈረስ ጌጥ ልብስ፣ ነበረኝ፣ እሱንም አለበስኩት። ዳማ ዝም ብሎ ቆመልኝ። የሚያቃጥለኝ ይህ ነው። ቢራገጥ ኖሮ እተወው ነበር። አልጣሽ በር ላይ ቆማ «ሰውዬ፣ የሰው አደራ ነው እኮ» አለችኝ። «አደራውን ላከብረው እንጂ ላዋርደው ነው እንዴ!» ብዬ ተቆጣኋት። ወጣቶቹ የፈረስ ስሜን ሲጠይቁኝ «አባ ዳማ» አልኳቸው። መንገዱን ሁሉ «አባ ዳማ! አባ ዳማ!» እያሉ አጀቡኝ። ሐሚዳ፣ ደስ አለኝ። ይህንንም ካልነገርኩሽ አሁንም እየዋሸሁሽ ነው። የአያቴ የልጅ ልጅ ሆንኩ፣ መሬቱ ሁሉ ፎቅ ከሆነ በኋላ እንኳ አንድ ቀን የዚህ አገር ሰው ሆንኩ ብዬ ደስ አለኝ።

አንድ ሞተር ብስክሌት በግራ በኩል መጣ። ዳማ አንድ ቃል ነበር የሚፈልገው፣ «አይዞህ» ብለው ይበቃው ነበር። እኔ ግን ለሕዝቡ እጄን እያነሳሁ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለውን በዝርዝር አልጽፍልሽም። ደነበረ፤ አዲሱ የእግረኛ ንጣፍ ደግሞ ያዳልጣል። እግሩ ከጉልበቱ በታች ተሰበረ። የእንስሳት ሐኪሙ አይድንም አለ፣ መርፌ ወጋው። እኔ ክርኔ እንኳ አልተላጠም። ከሁለቱ ቃሎቼ አንዷን ጠብቄአለሁ፤ ጅብ አልበላውም። ወንዙ ዳር አስቆፍሬ ቀበርኩት። ጎረቤት «ሽማግሌው ለፈረስ ተዝካር ሊያወጣ ነው» ብሎ ሳቀ። ግራጫዋ ባዝራ እዚያ ትቆማለች።

ሰዲቅን እንዳይነግርሽ ያስማልኩት እኔ ነኝ፣ በእሱ አትቀየሚ።

አሁን ሰፈሩ ሁሉ አባ ዳማ ይለኛል። ዳቦ ቤት፣ ታክሲ ተራ፣ የቤተ ክርስቲያን ደጃፍ። ሊያከብሩኝ ብለው ነው፤ አንዱም ሊያሽሟጥጠኝ ብሎ አይደለም፣ ያ ይባስ ያሳፍረኛል። ስም ወጣልኝ፣ ፈረሱ በስሙ ሞተ። ሲጠሩኝ አልሰማሁም ብዬ አልፋለሁ፤ ጆሮዬ ለዚህ ጠቀመኝ። በዋናው በር መውጣት ትቼ በጓሮ ነው የምወጣው። ሰሞኑን ፈረስ ይዘው በሩን ያንኳኩ ነበሩ። አልከፈትኩም። ምን ብዬ ቃል እሰጣቸዋለሁ? አንደኛውን ፈረስ በማግስቱ ቢሊሴ ወደ ሥራ ስትሄድ አስፋልት ዳር አየችው፣ ጅብ በልቶት። ያም የእኔ ነው።

ያሉትን በሕይወት እስካለሁ አበላለሁ፣ አዲስ ግን አልቀበልም። መጠጊያው ከእነሱ ጋር ይዘጋል። ስሙን ደግሞ መልሰሽ ውሰጂው። የኢሳ ነው። ውሰጂውና ልረፍ።

ይቅር በዪኝ ለማለት አፌ አልደፈረም።

ሞሲሳ


ሐይቅ፣ መጋቢት 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአባ ዳማ፤

እንዴት ከረሙ አልልዎትም፣ እንዴት እንደከረሙ ጽፈውልኛል። እኔ ጾሙን እንዴት እንደያዝኩት በሰዲቅ ስላስጠየቁኝ ልንገርዎት። ልጽፍልዎ ብዕር ባነሳሁ ቁጥር ስድብ ይመጣብኛል፣ በጾም አፍ ስድብ አይሆንም ብዬ አስቀምጠዋለሁ። ረመዳን አለቀ፣ ዒድም አለፈ፣ ስድቡም ቀነሰ። እንዳለ ግን አለ።

ፈረስ ይሞታል። ዳማ በእኔ እጅም ቢሆን ይሞት ነበር፣ ምናልባትም ከዚህ በከፋ። ያሳመመኝ ፎቶው ነው። ለጎረቤት ሁሉ ዞሬ ካሳየሁ በኋላ ነው አደዩን ያየሁት። «ወፍሯል፣ አምሮበታል» ሲሉኝ ደስ እያለኝ አደርኩ። ያቺን የደስታ ሌሊት ሳስብ አፍራለሁ። እርስዎ የሠሩት ነው፣ የማፍረው ግን እኔ ነኝ። ይቅር አልኩ ብል ውሸት ይሆናል፤ ከእርስዎ ጋር ደግሞ ውሸት በቅቶናል። አንድ ቀን ይመጣ ይሆናል። ሲመጣ እጽፍልዎታለሁ።

ስሙን መልሰሽ ውሰጂ ያሉኝ ግን አይሆንም። ወስጄ ምን ላድርገው? እኔ ሴት ነኝ፣ አባ ዳማ አልባልም። ኢሳ አፈር ውስጥ ነው፣ ልጅ አልሰጠንም። እርስዎ ከጣሉት ያ ስም የሚጠራበት ሰው የለም። ፈረስ ሲያረጅባቸው አስፋልት ላይ ጥለው በሚሄዱ ሰዎች ሲናደዱ ኖረው፣ ስም ሲከብድዎ መንገድ ላይ ሊጥሉ ነው?

አይጣሉትም። ይሸከሙት። ሲጠሩዎ አቤት ይበሉ። ቢያፍሩም እያፈሩ አቤት ይበሉ። በዋናው በር ይውጡ። በሩንም ይክፈቱ፤ ኢሳ ፈረሱን ለእርስዎ የሰጠው እርስዎን አምኖ ብቻ አይደለም፣ ሌላ በር ስላልነበረ ነው። ዛሬም የለም። ፈረስ ይዞ የሚመጣውን ሰው ስሙ ከየት እንደመጣ ሳያስቀሩ ይንገሩት፤ ፈረሱን፣ ዓይኑን፣ ሞተር ብስክሌቱን። ከዚያ ቃልዎን ይስጡት። ያመነ ያምናል፣ ያላመነ ይሄዳል።

ከእርስዎ የምፈልገው ካሣ ይህ ነው።

ለእትዬ አልጣሽ ሰላምታዬን ይንገሩልኝ። የሰው አደራ ነው ያሉትን ሳነብ አለቀስኩ።

ሐሚዳ


ቦሌ ቡልቡላ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለሐሚዳ፤

ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ ፖስታው ላይ ያለውን ስም አይቼ የማን እንደሆነ ሰዲቅን ልጠይቅ ነበር። ከዚያ ገባኝ። ከፍቼ ለማንበብ ፈራሁ፣ አልጣሽ ከፈተችው።

እንዳልሽው አደረግኩ ወይ ብለሽ ሳትጠይቂኝ ልመልስ። በፊት ለፊቱ በር ወጣሁ። የዳቦ ቤቱ ልጅ «አባ ዳማ፣ ጠፉ እኮ!» አለኝ። አቤት ማለቱ አልወጣልኝም፣ አንገቴን ብቻ ነቀነቅኩ።

ቅዳሜ ዕለት አንድ ባለጋሪ መጣ። ጉዲና ይባላል፣ ከገርጂ ነው፣ ኢሳን በመልክ ያውቀዋል። ትከሻዋ በጋሪ ማነቂያ የቆሰለ ባዝራ ይዞ በሩ ላይ ቆመ። ከፈትኩለት። ገመዱን ሊሰጠኝ ሲል «ቆይ፣ መጀመሪያ የምነግርህ አለኝ» አልኩትና ድንጋይ ላይ አስቀምጬ ነገርኩት። ሳላስቀር። ግላሱን፣ ዓይኑን፣ የሰው አደራ ነው የተባልኩትን፣ ደስ ያለኝንም። ፎቶውን ጭምር ነገርኩት፤ እሱን እንኳ አላዘዝሽኝም ነበር። ሲሰማኝ ቆየና ተነሳ። ባዝራዋን እየጎተተ ወጣ። በመንገዱ ስታነክስ እስክትሰወር አየኋት። ሌሊቱን አስፋልቱን እያሰብኩ አልተኛሁም። «እውነት ተናግሬ እሷንም ገደልኳት» አልኩ። አልጣሽ «ዝም በል፣ ተኛ» አለችኝ፣ እሷም ግን አልተኛችም።

በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ድርቆሽ ስበትን በፊት ለፊቱ በር በኩል ሰው ተጣራ። አውሮፕላን እያለፈ ስለነበር መጀመሪያ በደንብ አልሰማሁም። ሲያልፍ ደግሞ ተጣራ። ጉዲና ነው። ባዝራዋ ከኋላው ቆማለች።

«አባ ዳማ!» አለኝ።

«አቤት» አልኩት።